“እስቲ ድገመው” የሚለው ክሊም ጠጋኝ

ሐበሻ ተሰብስቦ በሚኖርበት ሰፈር ሁሉ፣ ሆድ የባሰው ሰው በፍጹም ሊያገኘው የማይገባ አንድ ሰው አለ። እሱም ዘፈን ደራሲ ነው። ሐኪም ምስጢር ይጠብቃል፣ የንስሐ አባት ምስጢር ይጠብቃል፣ ሌባ እንኳ የሰረቀውን ይደብቃል። ዘፈን ደራሲ ግን ሰኞ ያጫወታችሁትን የልባችሁን ነገር ቅዳሜ በኦርጋን አሳጅቦ ለሕዝብ ያቀርበዋል። ይባስ ብሎ እናንተም ከሕዝቡ ጋር ታጨበጭባላችሁ።

የእኛ የጅቡቲዎቹ ክቡር አቶ አልአዛር ይባላሉ። ክቡር ያልኳቸው እኔ ነኝ እንጂ መንግሥት ስለ ጉዳዩ አያውቅም። አባታቸው እንደ አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ አንድ ግቢ ውስጥ ተፈነካክተን ነው ያደግነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ አንቱታውን ትቼ “እሱ” እላለሁ፤ ሲያናድደኝ እመለስበታለሁ።

አልአዛር ለእንጀራው ክሊም ይጠግናል። ክሊም የምንለው ያው የቤት አየር ማቀዝቀዣውን ነው፤ ቃሉን ከፈረንሳዮቹ ወርሰን ቀረን። ሐምሌ ላይ ክሊም የተበላሸበት ሰው እዚህ አገር ጎረቤት “እግዜር ያጽናህ” ሊለው ይመጣል። እናም ለክሊም ጠጋኝ የማይከፈት በር የለም። ሰው ደግሞ መሰላል ላይ የቆመ ጠጋኝ ጆሮ ያለው አይመስለውም፤ ባልና ሚስት ከእግሩ ሥር ሆነው ይነታረካሉ፣ ሠራተኛዋ ወጥ ቤት ሆና በስልክ ከእናቷ ጋር ታለቅሳለች። ክቡርነታቸውም አንዷን ብሎን ሰባት ጊዜ ያጠብቋታል። ቤታችሁ ሰላም ከሆነ ክሊማችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሠራል። ከተኳረፋችሁ ግን “ዕቃ ከዱባይ ይመጣል” ይላችሁና ሳምንቱን ሙሉ ይመላለስባችኋል።

ጥገና ከሌለው ቀኑን የሚያሳልፈው እኔ ጋ ነው። እኔ ካርቲየ ሰባት ቢስ በሚባለው ሰፈር ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ስሜ ኃይሌ ነው። ፀጉሩን የሚቆረጥ ሰው እንደሚያወራ የታወቀ ነው፤ አልአዛርም ጥግ ካለችው በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ይቀመጣል ማለት እንኳ ውሸት ነው። ይነሳል፣ በር ላይ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ማበጠሪያዬን አንስቶ ጠረጴዛውን ይመታበታል፣ የተቆረጠ ፀጉር በጫማው ይገፋል። ከተማው ሁሉ ጫት እስኪገባ ድረስ ቀትር ላይ እንዲህ ይቁነጠነጣል፤ አልአዛር ግን ጫት ሳይቅም ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው ነው።

አንድ ቀን ቦንሳ መጣ። ቦንሳ ከአዳማ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ትከሻው በሱቄ በር አያልፍም። ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ፣ “ሙልጭ አድርገው” አለኝ፤ “ለሠርጌ ነበር ያሳደግኩት፤ እሷ እንደሆን ሌላ አገባች።” መቀሴን ሳላነሳ አልአዛር ከጥግ ብድግ አለ።

“ቦንሳ፣ እስቲ ድገመው!”

“ምኑን?”

“አሁን ያልከውን። ልክ እንዳልከው።”

በመስታወቱ ውስጥ ቦንሳን አየሁት፤ አሁን ተነስቶ ያነቀዋል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ደገመለት። እንዲያውም በሁለተኛው ላይ ጨመረበት። ሰው ሐዘኑን ድገመው ሲሉት እንዴት ደስ እንደሚለው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ አልአዛር ወጥቶ ሄደ። ግጥም ጽፎ አያውቅም፤ ይራመዳል። ከሱቄ እስከ አምቡሊ ወንዝ ድልድይ እየደጋገመ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ እዚያ ደርሶ እስኪመጣ ያልጠፋበት ስንኝ ይቀራል፣ የጠፋበትን “ድሮም አልረባም” ይለዋል። በዚህ መሐል ሰላም ቢሉት አይመልስም፤ ስንኙ ይጠፋበታላ። ግማሹ ሰፈር “ኩራተኛ ነው” ብሎ የሚያማው በዚህ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ሲመለስ ላቡ ከሸሚዙ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ደንበኞቼን ዝም አሰኝቶ እንዲህ አንጎራጎረ፦

ዝናቡ ዘነበ፣ ወንዙም ሞላ፣
ማዶ ቆማ አየኋት፣ ይዛ ሌላ፤
ያሳደግኩት ፀጉር፣ ለሠርጌ ቀን፣
በመቀስ ወረደ፣ እያለቀስን።

“እያለቀስን” ያለው እኔንም ጨምሮ መሆኑ ነው። እኔ አላለቀስኩም።

ዝናቡን ልብ በሉልኝ። ጅቡቲ ዝናብ ሲጥል ልጆች ቤት ጥለው ሊያዩት ይወጣሉ፤ የአምቡሊ ወንዝም ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። አልአዛር ከድሬዳዋ ወዲያ አልፎ አያውቅም። ዘፈኖቹ ግን ሁሉም በዝናብ የበሰበሱ ናቸው፤ ጭጋግ አለ፣ ጭቃ አለ፣ አንዳንዴም በረዶ ይጥላል። ለምን ብለው ሁለት ምክንያት ሰጠኝ። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ያሉት ዘፋኞች ዝናብ የሌለበት ግጥም አይቀበሉም። ሁለተኛ፣ ዝናብ ያደረገበት ባለ ታሪኩ እንዳይታወቅ ነው። “ምስጢር እጠብቃለሁ እኮ!” አለኝ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። ምስጢር ጠባቂው ግን ሁልጊዜ አንዷን እውነተኛ ነገር ይረሳታል። የቦንሳ ዘፈን በካሴት ወጥቶ በየሻይ ቤቱ ሲለቀቅ፣ ያቺ የሠርግ ፀጉር ወደብ ድረስ አጋለጠችው።

ቦንሳ የጎማ መፍቻውን ይዞ መጣ። አልአዛር ከወንበሬ ጀርባ ተደበቀ። “የታለ ወንዙ?” እያለ ቦንሳ ይጮሃል፣ “አዳማ ነው ያገባችው! አዳራሽ ውስጥ ነው! ምን ወንዝ አለ?” ይሄኔ ከጎኔ ያለው ሻይ ቤት ካሴቱን ከፈተው። ቦንሳ መፍቻውን እንደያዘ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና በቀስታ፣ “ካሴቱ የት ይገኛል?” አለ።

እንዲህ ያለውን ሁሉ ያዩት እማማ ዙፋን፣ ከፊት ለፊቴ ያሉት አሮጊት ጎረቤቴ፣ አልአዛር ባለበት አፋቸውን አይከፍቱም። “ስለ ሙቀቱ እንኳ አታውራው ልጄ” ይሉኝ ነበር፤ “‘ሞቀኝ’ ብለው ባል ፈልጌ ያስመስለዋል።”

አንዴ ታዲያ፣ “ለምን የራስህን አትዘፍንም?” አልኩት።

“እኔ ምን ሆንኩና?” አለኝ፤ ማበጠሪያዬን መታ መታ አደረገና፣ “የእኔ ቤት እኮ ጸጥ ያለ ነው” ብሎ ወጣ። አልተመለሰም ያን ቀን።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ፤ ከዚህ ሁሉ ሰው ይልቅ አልአዛርን የምፈራው እኔ ነበርኩ። የምደብቀው ነገር ነበረኝ፤ ስሟ ዘቢደር ነው።

ዘቢደር የደሴ ልጅ ናት። አምቡሊ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ለአንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ቤተሰብ ተቀጥራ እዚያው ትኖር ነበር። በየጠዋቱ ከሰፈራችን ዳቦ ቤት ባጌት፣ ያን ረጅሙን የፈረንጅ ዳቦ፣ ገዝታ በክንዷ ይዛ በሱቄ በር በኩል ታልፋለች። “ጋሽ ኃይሌ፣ እንደምን አደሩ?” ትለኛለች። የምበልጣት በጥቂት ዓመት ነው፤ ያቺ “ጋሽ” ግን በመካከላችን ተገትራ ቀረች። እኔም “ተመስገን” እላለሁ። በቃ። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት አንድ የሚያምር ዓረፍተ ነገር ነበረኝ፤ እሷ ስትደርስ ግን ከአፌ የሚወጣው “ተመስገን” ብቻ ነው። ዓመታት እንዲህ አለፉ። እምቢ ብትለኝስ ብዬ እፈራለሁ፤ እምቢታዋ ደግሞ በካሴት ቢወጣስ ብዬ የባሰ እፈራለሁ። ስለዚህ ከሩቅ ሳያት ዓይኔን ከመሬት ሳልነቅል በእጄ ያለውን ሥራ እቀጥላለሁ። ዘዴዬ እንከን የለሽ ይመስለኝ ነበር።

ሻይ ቤቱ የባሺር ነው። ባሺር ሶማሌ ነው፣ አማርኛውን ከደንበኞቹ ነው የለቀመው። “ያ ኃይሌ!” ብሎ በየጠዋቱ ይጮህብኛል፤ “ወላሂ አሁን ጠርገኸዋል! ደግሞ ትጠርጋለህ? አቧራው ሻሂ ውስጥ ገባ!” የባሺር ጠባይ ነው ብዬ ዝም እለው ነበር።

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ሲል፣ ሐበሻው ሁሉ ለትልቁ በዓል ሽር ጉድ በሚልበት ነሐሴ፣ ዘቢደር አንድ ጠዋት አላለፈችም፤ ቆመች። ሱቁ ባዶ ነበር። ባሺር እንኳ ገና አልከፈተም።

“ጋሽ ኃይሌ፣ አሠሪዎቼ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው። እኔም ከበዓሉ በኋላ ወደ ደሴ ልሄድ ነው።”

እኔም፣ “ተመስገን” አልኳት።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። አፌ የለመደውን አወጣ። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ ሌላ ሆኗል። ፊቷን አዙራ ሄደች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያን ነሐሴ እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። አልተኛም፣ አልበላም፣ የሁለት ሰው ጆሮ አቁስያለሁ። መብራት ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ይጠፋል። ተከትያት አምቡሊ ልሄድ ከሱቅ እወጣና ከድልድዩ እመለሳለሁ፤ አንዳንዴ አልአዛር ከዚያ ወዲህ እየተራመደ ሲመጣ እንተላለፋለን። እሱ ስንኙ እንዳይጠፋበት ሰላም አይለኝም፣ እኔም ምን ልትሠራ ወጣህ እንዳይለኝ ሰላም አልለውም። ክቡርነታቸው ጭራሽ በዚያ ወር ከእኔ ሱቅ ጠፉ። ብቅ ሲሉም፣ “አምቡሊ የአንድ ቤት ክሊም አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ፤ ዕቃ ከዱባይ ይመጣል” ይላሉ። እኔ አምቡሊ የሚለውን ስሰማ መቀሱ ከእጄ ይወድቃል፤ ሌላ ግን አልጠረጠርኩም። ፍቅር የያዘው ሰው እንደዚህ ደደብ ነው።

በዓሉ ከሰዓት በኋላ ሆነ፣ በኮሚኒቲው አዳራሽ። ሰው ግጥም ብሏል፤ ባሺር እንኳ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መጥቷል። ዘቢደር በወዲያኛው በኩል ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። በማግስቱ ነው የምትሄደው። ዓረፍተ ነገሬን በልቤ እየደገምኩ ነበር፤ የትኛው ዘፈን ሲያልቅ እንደምነሳ እመርጣለሁ፣ ሲያልቅ ደግሞ የሚቀጥለውን እመርጣለሁ።

ከዚያ ዘፋኟ ኤሌኒ መድረክ ላይ ወጣችና፣ “አዲስ የአልአዛር ዘፈን” አለች። አልአዛር ከመድረኩ ሥር ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ኦርጋኑ ጀመረ።

የጠረገውን በር፣ ደግሞ እየጠረገ፣
ነይ ማለት አቅቶት፣ ስንት ዓመት አረገ!

“ወላሂ ይሄ የኛ በር ነው!” ብሎ ባሺር ከመቀመጫው ዘለለ። አዳራሹ ወደ እኔ ዞረ። ይሄኔ ነው የገባኝ። ለካ በእጄ የነበረው ሥራ ሁልጊዜ መጥረጊያ ነበር። ለካ ስታልፍ በሩን ስጠርግ ኖሬያለሁ። ደሜ ፈላ። ይሄ ከይሲ ጥጉ ላይ ተቀምጦ አይቶኛል፤ አይቶ ለሕዝብ ሸጠኝ። ተነሳሁ። እውነቴን ነው፣ ላንቀው ነው የተነሳሁት። ወንበር እየገፋሁ ወደ መድረኩ ስሄድ ኤሌኒ ቀጠለች፦

ልሄድ ነው ብለው፣ ተመስገን አለኝ፣
ፀሐዩ ሳይሆን፣ እሱ አቃጠለኝ።

እግሬ ቆመ። ያን ጠዋት አልአዛር ሱቅ ውስጥ አልነበረም። ማንም አልነበረም። ተመስገን ማለቴን የምናውቀው እኔና አንዲት ሌላ ሰው ብቻ ነን። ኤሌኒ ሦስተኛውን ስትል ደግሞ እማማ ዙፋን አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፦

ዳቦ ቤት እያለ፣ ከደጄ ፊት ለፊት፣
ሰባት ቢስ ምን ሽቼ፣ መጣሁ በየዕለት?

አምቡሊ እኮ ዳቦ ቤት አለ። ከመሐንዲሱ ቤት ፊት ለፊት። ድሮ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስሄድ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ያን ሁሉ ጠዋት፣ በዚያ ፀሐይ፣ ያንን ሁሉ መንገድ የምትመጣው ለባጌት አልነበረም። የተሰረቀው የእኔ ምስጢር መስሎኝ አቅሌን ስቼ ነበር። የሰማሁት የእሷን ነው። ክሊሙ ሥር ሆና፣ “ልሄድ ነው ስለው ተመስገን አለኝ” ብላ አልቅሳ፣ ያ ከይሲ ከመሰላሉ ላይ “እስቲ ድገሚው” ብሏት፣ ደግማለታለች።

ከመድረኩ ፊቴን አዞርኩና ወደ ሴቶቹ ሄድኩ። ዘቢደር አንገቷን ደፍታለች።

“ጋሽ ኃይሌ…” አለች።

“ጋሽ አትበዪኝ” አልኳት። ያ የሚያምረው ዓረፍተ ነገር ብን ብሎ ጠፍቷል። “አትሂጂ” ብቻ አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። እንባዋ እየወረደ ሳቋን መቻል አቅቷት ነበር።

“እስቲ ድገመው” አለችኝ።

ደገምኩት።

ያን ዘፈን አልአዛር በኋላ አዲስ አበባ ላከው። “ዝናብ የለበትም” ተብሎ ተመለሰ። ከሠራቸው ሁሉ በካሴትም በሲዲም ያልወጣው እሱ ብቻ ነው። “ታዲያ እንደ ልማድህ ዝናብ አታደርግበትም ነበር?” አልኩት። ሳያየኝ፣ “ዝናብ ባደርግበትማ አንተ መቼ ይገባህ ነበር” አለ።

ከተጋባን ወዲህ ቤታችን ክሊም ተበላሽቶ አያውቅም፤ ጠጋኝ ግን ጠፍቶ አያውቅም። አልአዛር የሚኖረው ከጎናችን ነው፤ እኔና ዘቢደር ድምፃችን ከፍ ካለ በሩ ይንኳኳል፤ መሰላል የያዘ ሰው ቆሟል። “አሁን ደግሞ ምን ሰማህ?” እለዋለሁ። “ድምፁ ጥሩ አይደለም፣ ልየው” ይላል ክሊሙን እያሳየ። ቢያንስ አምስት ዘፈን ከእኛ ሳሎን ወጥቷል፤ ሁሉም ላይ ዶፍ ይጥላል። ከእማማ ዙፋን ጋር ሆነን እናማዋለን፣ እንረግመዋለን፣ የምሳ ሰዓት ሲሆን ደግሞ የት ቀረ እንላለን።

ዘንድሮ ግን ነገር ተለወጠ። ሰው በስልኩ መጣላት ጀመረ። ባልና ሚስት አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው በጽሑፍ ይሰዳደባሉ፤ ቤቱ ጭጭ ነው። ክሊም በአንድ ሰዓት ይጠገናል። አልአዛር እኔ ሱቅ መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ በትክክል ተቀመጠ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ። አልተነሳም። ማበጠሪያዬን አልነካም። ደንበኛዬ ወንበሩ ላይ ሆኖ ስለ ሞተ ወንድሙ ሲያወራ እንኳ ቀና አላለም። በማግስቱም እንደዚያው። ዕድሜዬን ሙሉ “ተቀመጥ አንተ ሰው!” ስለው የኖርኩ ሰው፣ ተቀምጦ ሳየው ፈራሁ። ቤቱ ጸጥ ያለ መሆኑን ያን ጊዜ አስታወስኩ፤ አላገባም፣ አልወለደም፣ እቤቱ ገብቶ የሚሰማው የራሱን ክሊም ብቻ ነው። ሳምንቱ አለፈና ሱቅ መምጣቱንም ተወ።

ለዘቢደር ነገርኳት። ተነስታ በአልአዛር ቤት በኩል ያለውን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተችው።

“ጀምር” አለችኝ።

“ምን ልጀምር?”

“ጠብ ነዋ!”

እሺ ብዬ ስለ መጥረጊያ ጀመርኩ፤ በሩ አልተጠረገም ብዬ ጮህኩ። እሷም ጮኸች። መጀመሪያ ላይ ሳቃችን እያመለጠን ነበር። መሐል ላይ ግን ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ “አንተ እኮ ልሄድ ነው ስልህ ተመስገን ያልክ ሰው ነህ! ያን ቀን አምቡሊ እስክደርስ እያለቀስኩ እንደሄድኩ ታውቃለህ?” አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ይሄ ጨዋታ አልነበረም። ያን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። 

በሩ ተንኳኳ።

ክቡር አቶ አልአዛር መሰላላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፣ አንድ እግራቸው መሬቱን ይመታል። “ክሊማችሁ ድምፁ ጥሩ አይደለም” አሉ። እወደዋለሁ ይሄን ሰው፣ ምን ላድርግ። ምንም ያልሆነውን ክሊሜን ይፈታ ጀመር። ዘቢደር ፊቷን ጠርጋ ወደ ጓዳ ልትገባ ስትል ከላይ ሆኖ፣

“ዘቢደር፣ እስቲ ድገሚው” አላት።

ደገመችው። እኔም እንዳይወድቅ መሰላሉን ይዤለት ቆምኩ።